ጯሂው ካሴትና የዘሀራ ጉሮሮ

በቢስቲማ አገር ሠርግ ሲደገስ ዘሀራ ሰይድ ቀድማ የምትጠራ ዘፈን አውራጅ ነበረች። ድምጿ ለስላሳ ነበር፤ አልቃሻ ሙሽራ ያባብላል። ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ከተቀጠረች ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሸ። ያ ሁሉ ማሽን ባንድ ላይ በሚንኳኳበት አዳራሽ፣ አጠገብ ለቆመች ጓደኛ «ክር ተበጥሶብሻል» ለማለት እንኳ መጮህ ግድ ነው። ጩኸት ደግሞ እንደ ሥራ ልብስ ማታ አውልቀው አይሰቅሉትም። ቤቷ ገብታ ውሃ ስትጠይቅ ጎረቤት ጠብ መስሎት ለግልግል ይመጣል።

ታናሽ እህቷ ለይላ ልትዳር ቀን ሲቆረጥ አክስታቸው ረሂማ ዘሀራን ለብቻዋ ጠሯት። ዘንድሮ ሌላ ልጅ ታውርድ፣ አንቺ ከተቀባዮቹ ጋር ሁኚ አሏት።

ዘሀራ «ለምን?» ብላ ስትጮህ፣ «ዝቅ አርጊው ልጄ፤ ሰው ይሰማል» አሉ።

ዘሀራ ቅስሟ ተሰበረ። እናታቸው በሞቱ ጊዜ ለይላን ዘፍኜ እድራታለሁ ብላ ምላ ነበር።

በዚያው ሰሞን ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ፈረንጅ ምሳ ሰዓት ላይ ቴፑን ከፈተ። ጉድ ነው! ጊታሩ ቆርቆሮ ይፍቃል፣ ከበሮው ይሮጣል፣ ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። የጎረሱት ሳይዋጥ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ይጀምራል። ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። ዘሀራ ግን መብላቷን ትታ አዳመጠች፤ ከበሮው የእሷው ማሽን ነበር።

መካኒኩ ማረው እንግሊዝኛ ይሞካክራል። ዘፋኙ ማን በድሎት ነው እንዲህ የሚጮኸው፣ ጠይቅልኝ አለችው። ፈረንጁ ሳቀ። ጯሂው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ምድር ቤት ተሰብስቦ ያወጣው የመጀመሪያ ካሴት ነው። ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ ሀርድኮር ፓንክ ይሉታል።

«ተቆጥቶም ይጮሃል፣ ደስ ብሎትም ይጮሃል» ሲል ማረው ተረጎመላት። «ቀስ ብሎ መዝፈን አቅቶት አይደለም፤ አልፈልግም ብሎ ነው።»

ይህቺ ነገር ልቧ ውስጥ ገባች። አልፈልግም ማለትም ይቻላል ለካ! ከዚያ ወዲህ ምሳ በደረሰ ቁጥር «ጯሂውን ክፈትልን» የምትል እሷ ሆነች። ከምሳ በኋላ ማሽኗ ፊት ቆማ የሠርጉን ዘፈን በጯሂው ፍጥነት ትለቀዋለች፤ በዚያ ሁካታ መሀል ማን ሊሰማት!

የሠርጉ ቀን እንደ ወጉ የሙሽሪት ወገን በር ይዞ ቆመ። ሙሽራው በዘፈን ካልረታ አይገባም። ሚዜዎቹ ግን ብልጦች ናቸው፤ ገበሬ ማኅበሩ ለስብሰባ የሚጠቀምበትን ድምፅ ማጉያ ተውሰው መጡ። አዲሷ አውራጅ ሁለት ስንኝ ሳትል ድምጿ ተዋጠ። ተቀባዮቹ የሚቀበሉት አጡ። ሚዜዎቹ እየሳቁ በሩን ገፉት።

ዘሀራ ከተቀባዮቹ መሀል ወጣች። ከበሮ መቺዋን ቶሎ ቶሎ ምቺ ብላ፣ ጉሮሮዋን እንደ ሽመና ክፍሉ ከፈተችው። ስንኙ አጭር፣ ከበሮው ሩጫ፣ ለይላ ለይላ የሚለው ስም ከማዶው ተረተር ነጥሮ የሚመለስ። ልጃገረዶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ወዲያው እየዘለሉ ተቀበሏት። ማጉያውን የያዘው ሚዜ ባትሪው ያለቀ መስሎት መሣሪያውን በመዳፉ ደጋግሞ መታው። በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ከውስጥ ለይላ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ዘሀራ የአክስቷን እጅ ትከሻዋ ላይ ስታገኝ ድምጿን ቀነስ አደረገች።

ረሂማ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አሉ።

«ከፍ አርጊው ልጄ» አሉ። «ከፍ አርጊው፤ እናትሽም ትስማ።»