ሙዚቃው ከመቆሙ በፊት

እትዬ ጆሮ መሥሪያ ቤታችን የመጡት በሦስት ወር የሙከራ ቅጥር ነው። ሠላሳ ዓመት በሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሺያን ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው ተከትሏቸው መጣ። እኔ ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ። ያኔ ከኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሥራችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ረዳት ሙዚቃ እንዲከፍት፣ እንዲያቆምና ድምፅ እንዲቀንስ የሚያስችለው መሣሪያ ነበር። መሣሪያውን እኔ ሠራሁ፤ መመሪያውን እሳቸው እንዲጽፉ ተባለ። መመሪያውን የሚያነበው ረዳቱ ራሱ ነው፤ የትኛውን ትእዛዝ መቼ እንደሚጠቀም የሚያውቀው ከተጻፈለት ብቻ ነው።

«አቁም» ለሚለው ትእዛዝ እኔ ቀድሜ «ሙዚቃውን ያቆማል» ብዬ ጽፌ ነበር። አለቀ። እትዬ ጆሮ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሙዚቃውን የሚሰማው ማነው?»

«ማንም ይስማው፣ እትዬ። አቁም ከተባለ ያቆማል።»

«እኛ ጣቢያ ተረኛ የሚገባ ሰው ማዳመጫውን አድርጎ አንድ ደቂቃ ሳይሰማ ቁልፍ አይነካም ነበር። ምን እየሄደ እንደሆነ ሳታውቅ ምኑን ነው የምታቆመው?»

ከዚያ ሦስት ቀን ጠፉ። ለካ መሣሪያው መጀመሪያ ወደሚገባበት የማገገሚያ ማዕከል ሄደው፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ደብተራቸውን ይዘው ተቀምጠው ኖሯል። እዚያ በሽታ እግራቸውን ያሰነፈባቸው ሰዎች በሙዚቃ ምት እንደገና መራመድ ይማራሉ። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ በሁለት የብረት መደገፊያዎች መሃል ይሄዳሉ፤ ሙዚቃ ካለ ግራ እግራቸው ይነሳል፣ ከሌለ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። «እግሬ ከኔ ይልቅ ከበሮውን ነው የሚሰማው» አሏቸው።

እትዬ ጆሮ ተመልሰው አራት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ከማቆምህ በፊት ምን እየተጫወተ እንደሆነ አረጋግጥ። በሙዚቃው የሚራመድ ሰው ሊኖር ይችላል። ካለ፣ እስኪቀመጥ ጠብቅ። ካላወቅህ ጠይቅ።»

ሳቅሁ። ለማሽን ተረት ይነገረዋል እንዴ? መሣሪያው ማዕከሉ ውስጥ ከሚሞከርበት አንድ ቀን ቀደም ብዬ አራቱንም ቆርጬ የራሴን መለስኩበት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ በማግስቱ ጠዋት አብሬያቸው ማዕከሉ ሄድኩ።

የሙከራ ቅጥራቸው የሚያበቃው በዚያው ቀን ነበር። አለቃችን በመኪና ውስጥ ሳይሸፋፍን ነገራቸው፦ «ዛሬ ከተሳካ ቋሚ ነዎት፤ ካልሆነ ግን እንሰነባበታለን።» እሳቸው «ይሳካል» አሉ፤ በቃ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ሙከራው ተጀምሮ፣ ልብስ ሰፊው በብረቶቹ መሃል ግማሽ መንገድ ላይ ደርሰው ነበር። የማዕከሉ ባለሙያ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ስልክ ሲጠራ ልታነሳ ሄደችና ለረዳቱ «አቁም» አለችው። ሙዚቃው ቀጥ አለ። ሽማግሌው እንደቆሙ ቀሩ፤ ግራ እግራቸው አልነሳ አለ።

እትዬ ጆሮ ያጨበጭቡ ጀመር። የተቋረጠውን ዘፈን ምት አንድም ሳያዛንፉ፣ እያጨበጨቡ ወደ ብረቱ ተጠጉ። «ይምጡ ወንድሜ፣ አልቆመም። ይምጡ።» ግራው እግር ተነሳ። ስድስት እርምጃ ሙሉ እያጨበጨቡ ወንበሩ ላይ አደረሷቸው።

«እርስዎ ይሻላሉ፤ አይቋረጡም» አሉ ልብስ ሰፊው ላባቸውን እየጠረጉ።

አለቃችን ግን ፊቱ ጠቁሯል። «እትዬ፣ መመሪያውን የጻፉት እርስዎ አይደሉ? ምን ብለው ነው የጻፉለት?»

ደብተሩ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር፤ አውጥተው ማሳየት ይችሉ ነበር። አላወጡትም። ዞረው እኔን አዩኝ፣ ጠበቁኝም። ገብቷቸዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኩ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ አለቃዬ፤ ሌላም ብዙ አለኝ፣ ይገባኝ ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አራቱን ዓረፍተ ነገሮች ከደብተራቸው ላይ ወደ ረዳቱ መመሪያ አንድ በአንድ ገለበጥኩ።

ከሰዓት በኋላ እንሞክር ያሉት ልብስ ሰፊው ራሳቸው ናቸው። ከወንበሩ ተነስተው ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ባለሙያዋ «አቁም» አለች። ሙዚቃው አልቆመም። ድምፁ ዝቅ አለና ረዳቱ ጠየቀ፦ «ከማቆሜ በፊት፣ በሙዚቃው የሚራመድ ሰው አለ?»

«አለ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው ከብረቱ መሃል። «እዚህ ነኝ!»

ሙዚቃው እስኪቀመጡ ድረስ ቀጠለ። አለቃችን ውሉን ከቦርሳው አወጣ፤ እትዬ ጆሮም ያችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፈረሙ። እስክሪብቶውን ከድነው ወደኔ ዞሩ።

«ጠዋት ለአለቃችን የተናገርካት ዓረፍተ ነገር አጭር ነበረች» አሉኝ። «ምንም አልጎደላትም። እንደሷ ስትጽፍ አልቆርጥብህም።»