ገፈርሳ ሜዳ ላይ ያየኋት ኦርኪድ

ባለቤቴ ባረፈች በሁለተኛው ክረምት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡራዩ በሚኒባስ ገፈርሳ እየሄድኩ በእግሬ መዞር ጀመርኩ። ልጅ የለንም። ቤት ከዋልኩ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ይመሻል፤ ከወጣሁ ቢያንስ ረዳቱን "ወራጅ አለ" እለዋለሁ።

ነሐሴ ላይ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ባለው ረግረግ ሜዳ፣ ሣር መሃል ቀጥ ብላ የቆመች ሮዝ ቀለም ያላት አበባ አየሁ። ትንንሽ አበቦች በአንድ ዘንግ ላይ ተደራርበዋል። ዕድሜዬን ባዮሎጂ አስተምሬ ስሟን አላውቅም። አፈርኩ። ፎቶ አንስቼ ዩኒቨርሲቲ አብራኝ ለተማረች፣ ዕፅዋት ለምታጠና ጓደኛዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

"ኦርኪድ ናት፤ እንዳትነቅላት! ከእያንዳንዷ አበባ ጀርባ እንደ ጭራ የተንጠለጠለ ቀጭን ነገር አለ። ስንት እንደሆነ ቁጠርልኝ።"

"ፎቶው ላይ አይታይም?"

"አይታይም። ሂድና ተንበርከክ። መሬቱንም በደንብ እየው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመለስ ቦታው ጠፋኝ። ዝናቡም ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ከብት የሚጠብቁ ሽማግሌ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

"ኦቦ፣ አካም ጂርቱ?" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

"ፈያ። ምን ጠፋብህ?"

"አበባ" ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸው።

አልሳቁብኝም። "ይቺ የታረሰ መሬት አትወድም። ውሃ የሚተኛበት ሣር ላይ ነው የምትወጣው። ታች በኩል ሞልታ ነበር፤ አሁን ቤት ተሠራበት።"

መርተው ወሰዱኝ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አንዷን አበባ በጣቴ ቀና አደረግኩ።

"ሁለት ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ምኑ?"

"ጭራዋ።"

እሳቸውም ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። "ስረግጣት ኖሬ እንዲህ አይቻት አላውቅም" አሉና አንዲት ላም ወደ ማሳ ስትገባ እየጮሁ ተከተሏት።

ለጓደኛዬ ደወልኩ፤ አላነሳችም። "ሁለት። ያልታረሰ፣ ውሃ ያዘለ ሜዳ" ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ ቤት ከገባሁ በኋላ መጣ፦ "ሳቲሪየም ከሚባለው ወገን ናት። አንድ ጭራ ቢሆን ሌላ ትሆን ነበር። ከዝርያዎቹ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት የቅጠሏንም ፎቶ አንሳልኝ።"

ደስታዬን ይዤ ወደ ጓዳ ዞርኩ። "ሰማሽ?" አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እርጥብ ካልሲዬን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ብዙ ቆየሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የቅጠሏንም ፎቶ አንስቼ ላክሁ፤ ዝርያዋን ነገረችኝ። አሁን ደግሞ እንደ ገፈርሳ ውሃ በሚተኛበት ሱሉልታ ሜዳ ላይ እፈልጋታለሁ። እዚያ እስካሁን አላገኘኋትም።