በአበጀ ድንኳን አጠገብ ያረፈችው ነጭ ጉጉት

ጀላልዲን የሩቅ ማያ መነጽር የገዛው ወፍ ለማየት አልነበረም። ሰው እንዳይጠይቀው ነበር።

አሜሪካ ውስጥ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ በስተደቡብ፣ ትልቁ ድልድይ የፖቶማክን ወንዝ ከሚሻገርበት ዝቅ ብሎ፣ አንድ ጅረት ወደ ወንዙ የሚገባበት ረግረግ አለ። ወንዙ እዚያ ከባሕሩ ጋር አብሮ ይሞላል፣ አብሮ ይጎድላል፤ ሲጎድል ጭቃው ይገለጥና ወፍ ይሰፍርበታል። ከረግረጉ ጀርባ ባለው ጫካ ውስጥ አበጀ የሚባል ሰው በድንኳን ይኖር ነበር። ይህን የሚያውቀው ጀላልዲን ብቻ ነው።

ጀላልዲን ከኮምቦልቻ መጥቶ ማንንም በማያውቅበት ጊዜ ላንግሊ ፓርክ ባለችው ጠባብ አፓርታማው ያስጠጋው አበጀ ነበር። የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን። ያኔ አበጀ ታክሲ ይነዳል፤ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ኋላ የታክሲ ሥራ ቀዘቀዘ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረና መንጃ ፈቃዱ ሳይታደስለት ቀረ። ኋላ ተዛውሮ የገባበት ቤዝመንት፣ የምድር ቤት ክፍል፣ ከነቤቱ ሲሸጥ ለማንም ሳይናገር ጠፋ። ሚኒሶታ ከእናቷ ጋር ያደገች ዮዳሄ የምትባል ልጅ አለችው። እሷ አባቷ ቴክሳስ ትራክ እየነዳ ነው ብላ ታምናለች። እሁድ እሁድ ላይብረሪ ገብቶ ስልኩን ቻርጅ ያደርግና ይደውልላታል። እንዳትጠረጥር የቴክሳስን የአየር ሁኔታ አይቶ ነው የሚደውለው።

ጀላልዲን ያገኘው በአጋጣሚ ነው፤ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ፣ ሁለት ጄሪካን ውሃ ይዞ።

«እኔ ቤት ና» አለው።

«የልጆችህን ሳሎን ይዤ ልተኛ? ተወኝ ባክህ» አለ አበጀ። «ይልቅ አንድ ነገር ማልልኝ። ለሰው እንዳትናገር። ለሚስትህ ለሙፈሪሓትም ቢሆን። ልጄ ከሰማች እኔ የለሁም።»

ጀላልዲን ማለ። ለእሱ ደግሞ መሐላ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የንጋቱን ሱብሒ ሰግዶ፣ በሽተኞችን ወደ ኩላሊት እጥበት የሚያመላልስበትን ቫን ከመረከቡ በፊት፣ ምግብ ይዞ ወደ ረግረጉ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰው ያየዋል ብሎ ይሳቀቅ ነበር። በኋላ እንዳስተዋለው ግን እዚያ በማለዳ የሚንጎራደዱት ሁሉ መነጽር ያንጠለጠሉ ናቸው፤ ወዴት ትሄዳላችሁ የሚላቸውም የለም። አሮጌ መነጽር ገዝቶ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ።

ሚስቱን ማታለል ግን አልቻለም። ወፍ ለማየት ነው የምወጣው ባላት ሰሞን ምሳ ዕቃውን በሥጋ ወጥ ስትሞላለት አይቶ «ሥጋ አታድርጊበት፣ ምስሩ ይበቃል» አላት።

ሙፈሪሓት ጭልፋውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችው። «ወፍህ ክርስቲያን ነው እንዴ?»

አጎንብሶ ጫማውን አሰረ። እሷም አልደገመችም። በማግሥቱ ምሳ ዕቃው በሽሮና በጎመን ተሞልቶ ጠበቀው፤ ከላዩ ላይ ወፍራም ካልሲ ተቀምጦበታል።

ጀላልዲን ይህን ሁሉ ለእኔ ለጓደኛው የነገረኝ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፣ ከጁምዓ ሰላት ወጥተን መኪናው ውስጥ ተቀምጠን። ሲያወራ መሪውን እንደያዘ ነበር፤ መኪናው ግን አልተነሳም።

መነጽሩን ለይምሰል ይዞ ሲመላለስ ወፎቹ ልቡን ወሰዱት። መጽሐፍ ተውሶ አነበበ። በዛፍና በጭቃ መካከል የአላህን ሥራ እያየ «ሱብሓነላህ» ማለት ለመደ። ከዚያው ከሚመላለሱት አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ ጋርም ተዋወቀ። ሰውዬው ማንም ወፍ ተመልካች የሚያከብረውን ደንብ ነገረው፦ ጉጉት ያየህበትን ቦታ አታወራም፤ ካወራህ ሰው ይጎርፍና ወፏን እረፍት ይነሳታል። ጀላልዲን ደንቡን ወደደው። ምስጢር መጠበቅ እዚያ ነውር አልነበረም።

በጥር መጨረሻ ረግረጉ በረዶ ሠራ። አንድ ጠዋት ከአበጀ ድንኳን ፊት ለፊት ካለው የበሰበሰ ምሰሶ ላይ ነጭ ነገር ተቀምጦ አየ። ፌስታል መሰለው። ፌስታሉ አንገቱን አዙሮ በቢጫ ዓይን ተመለከተው።

ነጭ ጉጉት ነበረች። ዛፍ ከማይበቅልበት ከሰሜኑ ባሕር ዳርቻ የምትመጣ፣ በዚህ አካባቢ በብዙ ዓመት አንዴ ብትታይ ነው።

አበጀ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ከድንኳኑ ወጣ። «ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ናት። የእኛ አገር ሰው ቢያይ ጉድ ይል ነበር። ጉጉት ቤት ላይ ካረፈች ሰው ይሞታል ይሉ አልነበር?»

«በወፍ ገድ ማለት በእኛ ሃይማኖት የለም» አለ ጀላልዲን።

«እኔማ ምን ቸገረኝ። ቤት ላይ ነው የሚሉት። እኔ ቤት የለኝም።»

ሁለቱም ሳቁ። ጀላልዲን የስልኩን ካሜራ መነጽሩ ላይ ደግኖ ፎቶ አነሳት። በደንብ ወጣለት።

ጡረተኛው መንገድ ላይ አግኝቶት ዛሬ ምን አየህ ሲለው «ዳክዬ ብቻ» አለ። ዋሸ። ሲመሽ ግን ደስታው አላስቀምጥ አለው። ሪችመንድ የምትማረው ልጁ ሰጂዳ ለመልእክቶቹ ሁሉ በአንዲት ቃል መመለስ ከጀመረች ቆይታለች። ፎቶውን ላከላት፤ ቦታውንም ነገራት።

ወዲያው ደወለች። «ባባ፣ ዚስ ኢዝ ኢንሴን፣ ማመን አልቻልኩም። አንተ ነህ ያነሳኸው? ሲሪየስሊ?»

ብዙ አወሩ። እንደዚያ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ። ለሰው እንዳታሳዪ ማለትን ረሳ። ለመሐላው ሲል አበጀን አላነሳላትም፤ ስለዚህ የሚደበቅ ነገር መኖሩን ልጅቱ ማወቅ አትችልም ነበር። አባቷ በስሙ ይታወቅ ብላ ፎቶውን ወፍ ተመልካቾች በሚጽፉበት አፕ ላይ ከነቦታው ለጠፈችው። «ሰርፕራይዝ ላደርግህ ብዬ ፖስት አደረግኩት» የሚለው መልእክቷ የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪናውን ሲያስነሳ ነው።

ሲደርስ የመንገዱ ዳር በመኪና ተሞልቷል። ከሜሪላንድም ከፎልስ ቸርችም ሳይቀር የመጣ ሰው ቴሌስኮፑን ደርድሮ ቆሟል። ጡረተኛው ትከሻውን መታ አደረገው። «ዳክዬ ብቻ አልከኝ፣ አንተ ሌባ» ብሎ ሳቀ። ከጎኑ የቆመች ሴት ግን አልሳቀችም። ጫካው ውስጥ ድንኳን እንዳለ፣ ሰውዬው ወፏን ሊያስደነግጣት እንደሚችል፣ ለሚመለከታቸው ስልክ እንደተደወለ ነገረቻቸው። ለወፏ አዝና ነው። ክፋት አልነበራትም።

ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች ከጫካው አበጀን አስወጡት። የያዘው አንድ ሻንጣ ነው። መውጫው መንገድ በቴሌስኮፖቹ መካከል ነበርና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለፈ። ጀላልዲን መነጽሩን እንዳንጠለጠለ ከተመልካቾቹ ጋር ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አበጀ እንደማያውቀው ሰው ፊቱን መለሰ።

ጀላልዲን ስሙን ሊጠራ አፉን ከፈተ። ያ መሐላ ያዘው። ከጠራው የአበጀን ምስጢር በአደባባይ ማውጣቱ ነው። ሰውዬውም አላውቅህም ብሎታል፤ ያለውን ላክብርለት ብሎ አሰበ። አልጠራውም። ሠራተኞቹ ገለል ሲሉለት እደርስበታለሁ ብሎ ጥቂት ዘግይቶ ተከተለው። መንገዱ ላይ ሲወጣ ግን አበጀ የለም።

ያን ቀንና ማግሥቱን ፈለገው። ላይብረሪው፣ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ ነዳጅ ማደያው፤ የለም። እሁድ ዕለት ዮዳሄ ስልክ ስትጠብቅ እንደዋለች ያወቀው በኋላ ነው። ብርዱ ያን ሰሞን ሰው የሚገድል ነበር። ሰኞ ከድልድዩ ሥር፣ ከኮንክሪቱ ጥግ፣ መንገድ ጠራጊዎች አገኙት። በሕይወት ነበር። እግሩን ግን ብርዱ ገድሎታል። ሐኪሞቹ ግራውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት፤ ከቀኙ ጣቶቹን።

ወፏም ሕዝቡ ከመጣ በኋላ አልቆየችም። ድንኳኑ በተነሳ በሁለተኛው ቀን ሄደች።

ዮዳሄ ከሚኒሶታ በረረች። ከሆስፒታሉ ደውለውላት ነው። ሆስፒታል ለሆስፒታል ጠይቆ የደረሰበትን ጀላልዲንን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው፤ በአባቷ ወሬ ታውቀዋለች። ቀጭን ናት፤ የአባቷ ግንባር አላት።

«ጋሽ ጀላልዲን፣ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

አስምሎኝ ነው ማለት ይችል ነበር። እውነትም ነው። ግን የቆረጡትን እግር አይቶ ስለወጣ ይህ ከአፉ አልወጣም። «ልነግርሽ ይገባ ነበር» አላት። እሷም አልጮኸችበትም። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።

ሰጂዳ ስትሰማ ትምህርቷን አቋርጣ መጣች። «ባባ፣ አይ ዲድንት ኖው፣ አላወቅኩም ነበር» እያለች አለቀሰች። ሙፈሪሓት ልጅቷን አቅፋ ጀላልዲንን ብቻ ነው ያየችው። «ካልሲውን እንኳ አድርጎት ነበር?» ብላ ጠየቀችው። አላወቀም።

አበጀ ከሆስፒታል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አንድ የማገገሚያ ቤት ተዛወረ። ጀላልዲን ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። አበጀ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። አያናግረውም። ጀላልዲን ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ የቀትሩ ዙህር ሲደርስ ጥግ ላይ ይሰግዳል፣ ምሳ ዕቃውን ትቶ ይወጣል። በሚቀጥለው ሲመጣ ባዶውን ታጥቦ ያገኘዋል። ለዚያች ባዶ ዕቃ አላህን ያመሰግናል። መነጽሩን ግን ከዚያ ወዲህ አልነካውም።

የብርዱ ወቅት እንዲህ አለፈ። ዛፎቹ ቅጠል ሲያወጡ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አበጀ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ተናገረ።

«ያቺ ወፍ ሄደች?»

«ያኔውኑ ሄደች።»

«ማን ነው የነገረብን?»

ጀላልዲን ስለ ልጁ አልተናገረም። «እኔ ነኝ» አለ። «ደስ ብሎኝ ለሰው አሳየሁ።»

አበጀ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ። ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ አለፈ።

«ያን ቀን ለምን አልጠራኸኝም?»

«ማልልኝ ብለኸኝ።»

«ሞኝ» አለ አበጀ። ድምፁ ግን የቁጣ አልነበረም፤ የደከመ ነው። ቀስ ብሎ ዞረ። ጀላልዲን ፊቱን ካየው ብዙ ጊዜው ነበር፤ አርጅቷል። «ዮዳሄ በየቀኑ ትደውላለች። ቴክሳስ እንዴት ነው ብላ ታሾፍብኛለች።»

ጀላልዲን ምሳ ዕቃውን ወደ አልጋው አቀረበለት።

«መነጽርህስ?»

«ቤት ነው። አልይዘውም።»

«ያዘው እንጂ» አለ አበጀ። በመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማቆሚያና አንድ የቆሻሻ ገንዳ ነው። «ነርሷ ይኼ ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ይፈልጋል እያለችኝ ነው። ወፍ ሊያይ ነው እላታለሁ።»