ያልተሰበረው ጥቁር ቁራጭ

ፕላስቲክ እየጎተተ ጥንካሬውን የሚለካው ማሽን ባለሙያ የተመራማሪዋን ስም ጠይቆ አያውቅም። በልቡ «ባለ ጥቁር ጥፍሯ» ይላታል። ታጥባም የማይለቃት ጥላሸት የመሰለ ዱቄት ጥፍሯ ሥር አለ። ካርበን ናኖቲዩብ ነው፤ ዓይን የማያየው፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክር። ይህን ከቀለጠ ፕላስቲክ ጋር ቀላቅላ የሠራቻቸውን ቁራጮች በሻርፕ ጠቅልላ ትመጣለች። ማሽኑ ገና ጎተት ሲያደርጋቸው ግን ቀጭ ይላሉ።

«ክሮቹ እየተቋጠሩ አስቸገሩኝ፣ ጋሼ» ትለዋለች ስብርባሪውን እየለቀመች።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ እንዴ?»

«የእኔዎቹ አንድ ቦታ ሲያብሩ ፕላስቲኩን ያደክሙታል። በደንብ ከተበተኑ ነው የሚሸከሙት።»

ዛሬ አዲስ ቁራጭ አመጣች። ማሽኑ ነክሶ ጎተተው። ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥር ተራው ፕላስቲክ ከሚሰበርበት አልፎ ሽቅብ ወጣ። እንዲሸከም የሚፈለገው ክብደት ላይ ደርሶ ማሽኑ ሲቆም፣ ቁራጩ ንቅንቅ አላለም።

ቁራጩን ፈትታ ጉንጯ ላይ ለጠፈችውና ስልክ ደወለች።

«እሙዬ፣ አዲሱን እግርሽን የምንሠራበት ተገኘ። ይኼኛው እንደ ድሮው አይሰበርብሽም። ትሮጪበታለሽ።»

ባለሙያው በሰው ሠራሽ እግር የምትሄድ ልጅ እንዳላት አያውቅም ነበር። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እሷ ግን ቀና ብላ፣ በኮሪደሩ ያገኘችውን ሁሉ፣ የማታውቀውንም ጭምር፣ እየሳመች ወጣች።