ቢራቱ ላይብረሪውን ወደ ፊት ሲነዳው

ቢራቱን ኤርፖርት ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሪችፊልድ ከተማ በነበረችኝ አፓርታማ ሶፋዬ ላይ ከረመ። ያኔ ልጅ እግር ነበር፤ ከደምቢዶሎ የመጣበትን ካፖርት በሐምሌ ሙቀት እንኳ አያወልቅም። ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የላይብረሪ ዳይሬክተር ነው። ኮሌጅ ስል ቤዝመንቱን ማለቴ ነው። ላይብረሪ ስል ደረጃው ሥር ያለውን መደርደሪያ። ዳይሬክተር ስልም ያው ቢራቱን።

ክፉ ሰው ነው አልልም። ክፉ ለመሆንም እኮ ሰው ትንሽ ማሰብ አለበት። እሱ የሚወደው አዲስ ነገር ብቻ ነው፤ ስልክ አዲስ፣ ጫማ አዲስ፣ ቃል አዲስ። ብዙ ዓመት የትምህርት ቤት ባስ ድራይቭ አደረገ። ከዚያ አንድ አጭር ኮርስ ወሰደና ሰርተፊኬቱን በፍሬም አድርጎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ማሞቂያ ከቦይለሩ በቀር የሚያየው በሌለበት ክራቫት ያስራል።

በዚያ ቤዝመንት ከነበረው ሁሉ የሚረባው የጋሽ ያደታ ዲስክ ነበር። ጋሽ ያደታ ወደ ጌታ ከመሄዱ በፊት ሳንማር ላረጀን ሴቶች ፊደል ያስተምረን ነበር። ደግ ሰው! መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን ያያችሁ እያለ ይዞራል። አንድ ወንድም ትምህርቱን በካሜራ ቀርጾ በዲቪዲ አደረገልን። በየተራ ቤት እየወሰድን፣ እያቆምን፣ እየመለስን ተማርን። እኔ ዛሬ ይህን መጫሬ ከዚያ የመጣ ነው።

ጓደኛዬ ፈነት ግን ገና መሐል ላይ ነበረች። የሆቴል ጽዳት ወገቧን ጨርሶታል፤ ጆሮዋም ይከብዳታል፤ አንዱን ነገር ደጋግማ ካልሰማችው አይገባትም። በእኛ ዘንድ ሕፃን ለጌታ ሲቀርብ ጉባኤው ፊት ቃሉን የምታነበው አያት ናት። የልጅ ልጇ ዱረቲ ደግሞ ቅጠል ሲረግፍ ልትቀርብ ነው። ልጇ ቢሊሴ፣ “እማ፣ ዶንት ወሪ፣ እኔ አነብልሻለሁ” ብትላት፣ “በሰው አፍ አላቀርባትም” አለች። ነገሩ ይኸው ነው።

በረዶው እንደቀለጠ ቢራቱ ሚቲንግ ጠራ።

“ዲቪዲ አበቃለት” አለ። “ከእንግዲህ ለላይብረሪውም ለክላስሩሙም ብሉ ሬይ የሚባለው አዲሱ ዲስክ ነው። ምስሉ ይጠራል፣ አንዱ ላይ ብዙ ይገባል። የጋሽ ያደታን ሁሉ በአንድ ዲስክ አድርጌዋለሁ። ለእያንዳንዳችሁ ቅጂ አለ።”

“ቤት ባለው የዲቪዲ ማሽኔ ይሠራል?” አለች ፈነት።

“እቴቴ ፈነት፣ እኛ የምናየው ስታንዳርድ ነው እንጂ የሰው ቤት ማሽን አይደለም። ላይብረሪ ወደ ኋላ አይሄድም።”

“ወደ ፊት ሲሄድ እኛን የት ነው የሚያወርደን?” አልኩት። “ባስ ስትነዳም ልጆቹን ፌርማታ ላይ እየተውክ ነበር እንዴ?”

ሰው ሳቀ። ቢራቱ ክራቫቱን አስተካከለ። ፓስተሩም “እንግዲህ ዳይሬክተሩ ያውቃል” አለና እጅ አስወጣን። ኮሚቴ ማለት ይኸው ነው፤ የማያውቅ ሁሉ ተሰብስቦ ያውቃል ብሎ ለጠረጠረው እጅ ያወጣል።

አሮጌዎቹን ዲቪዲዎች ምን አደረጋቸው ብትሉኝ፣ በክር አንጠልጥሎ ከፓርኪንጉ ጀርባ ባለችው የቤተ ክርስቲያን ጓሮ ሰቀላቸው። ሲያብለጨልጩ ወፍ ያባርራሉ አለ። ጋሽ ያደታ ቲማቲም ጠባቂ ሆነ።

የፈነት ማሽን አዲሱን ዲስክ ጎርሶ መልሶ ተፋው። ማንበብ አልተቻለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ቢሊሴ ስትተረጉምላት፣ “እሱም እንደ እኔ ነዋ!” ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን አለቀሰች። ብሉ ሬይ የሚያነብ ሌላ ማሽን ለማገናኘት ቢሞከር፣ ገመዱ ለአሮጌው ቴሌቪዥኗ ቀዳዳ አልገጠመም። የሚሠራው አንዱ ማሽን ቤዝመንቱ ውስጥ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ቢራቱ ኪስ፣ ቢራቱ የሚመጣው ቅዳሜ ብቻ። ተከፍቶም “መልስልኝ” ስትለው “እቴቴ፣ ሌሎቹ እየጠበቁ ነው” ይላታል።

የጠራውን ምስልም አየነው። ድሮውንም በአሮጌ ካሜራ የተነሣ ነገር በምን ይጠራል? ጉም በሰፊ ሰፌድ ቢበጠር ያው ጉም ነው። እንዲያውም ግድግዳውን እንዲሞላ ብሎ ምስሉን ወደ ጎን ለጥጦት፣ ቀጭኑን ጋሽ ያደታን እንደ ዱባ አወፈረው።

በነሐሴ ፈነትና እኔ ጓሮ ሄደን ዲስኮቹን ፈታን። ፀሐይ በልቷቸዋል። አንዱ አልነሣም አለ፤ ሌላው ጋሽ ያደታን አፉን እንደከፈተ አስቀረው። ከዱባው ቅጠል ሥር ጥላ ያገኘው አንድ ብቻ ሠራ። ፈነት እሱን ጨረሰች። የኋለኞቹን ፊደላት ግን የሚያሳያት አልነበረም፤ እኔ ልሞክር ብል፣ የምኑን ማስተማር፣ ተጨቃጭቀን ተውነው።

ቀኑ ደረሰ። ፈነት ነጭ ለብሳ ቆመች፤ ዱረቲ በእናቷ ክንድ ላይ ተኝታለች። ማንበብ ጀመረች። ጥሩ ሄደች፣ ጥሩ ሄደች፣ ከዚያ አንድ ቃል ላይ ቆመች። ጣቷ ቃሉ ላይ ነው። ሰው ሳል ጀመረ። ይሄኔ ቢራቱ ከፊት ወንበር ብድግ ብሎ ቀሪውን ከስልኩ ጮክ ብሎ ማንበብ ያዘ።

ፈነት ቀና አለች። “ቢራቱ፣ ልጄ፣ ባስህን አቁምልኝ” አለች። “እየመጣሁ ነው።”

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ፤ ፓስተሩ እንኳ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ቢራቱ ተቀመጠ። እሷም ወደ ጣቷ ተመለሰች፤ አንዱን ፊደል ያዘች፣ ቀጣዩን ገመተች፣ ተሳሳተች፣ ተመለሰች። ዱረቲ ነቅታ አለቀሰች፣ ጡት ጠብታ ዝም አለች። ፈነት እያነበበች ነበር። ማንም አልተነሣም። የመጨረሻውን ቃል ስትጨርስ መጽሐፉን ዘጋችና ሕፃኗን ራሷ ተቀበለች።

ቢራቱ በር ላይ ያዘኝ። “እቴቴ፣ አየሽ? ዲስክ ራሱ አልፎበታል፤ አሁን ሁሉም በስልክ ነው። የሚቀጥለው ሚቲንግ ላይ…” አለኝ።

ጥዬው ሄድኩ። ፈነት ለዱረቲ የተሠራው ሥጋ ወጥ ሳይቀዘቅዝ ነይ እያለች እየጠራችኝ ነበር።