«ሃርድሊ»ን ያረመችኝ ልጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን እዘላታለሁ፤ አልገደልኩ፣ አልሰረቅኩ፣ ምኑን ልናዘዘው እያልኩ። አሁን ግን በራሴ ላይ ንዴቴ ገንፍሏል። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። «ሃርድሊ» የሚለውን ቃል ለዓመታት «በትጋት» ማለት ነው ብዬ አስተምሬአለሁ። ቃሉ ግን «እምብዛም» ማለት ነው። ልጆቹ አባቴ ጠንካራ ሠራተኛ ነው ያሉ እየመሰላቸው፣ አባቴ ሥራ አይነካም ብለው ይጽፋሉ፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደርግላቸዋለሁ! ከመምህሬ እንደዚያ ነው የተማርኩት። እስከዚህ ድረስ ያለው አለማወቅ ነው፤ የምናዘዘው እሱን አይደለም።

ሰዓዳ ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማችን ውስጥ መጠለያ ከገቡት ሰዎች አንዷ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል፣ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚያ ያስተማሩን መምህር ‹ሃርድሊ› እምብዛም ማለት ነው ብለውናል» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። በእሷ ይሁን በእኔ አላውቅም፤ እኔ ግን በእኔ ነው ብዬ ወሰንኩ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የተበተነ የገጠር አስተማሪ እኔን ሊያርመኝ?

«ውጪ! ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ!» አልኳት።

ወላጅ አምጪ! ስንቱን ልጅ እንዲህ ብያለሁ። አባት ወይ እናት ይመጣል፣ ልጁን ፊታችን ይቆጣዋል፣ የእኛ ንዴት ይበርዳል፣ ልጁም ይገባል። ሰዓዳ ግን የምታመጣው ወላጅ አልነበራትም። አባቷም እናቷም እዚያው ሞተው ነው ከታላቅ ወንድሟ ጋር የመጣችው፤ እሱም ሥራ ፍለጋ ከሄደ ወራት አልፎታል። አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር! የክፍሏ ኃላፊ እኔ ነበርኩ፤ ስትመዘገብ ቅጿን በእጄ የሞላሁት እኔ ነኝ።

ደወል እንደተደወለ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ልጅቷ ልክ ነበረች። በዚያች ሰዓት ሰዓዳ ገና የግቢው በር ላይ ቆማለች፤ በመስኮቱ ትታየኛለች። ሄጄ «ነይ ግቢ» ማለት አቃተኝ? አላቃተኝም፤ አልፈለግኩም። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሌላ ክፍል ገብቼ ትክክለኛውን ትርጉም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። «ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል፣ እናንተ ግን ተጠንቀቁ» እያልኩ! እኔ! ከአፏ ነጥቄ፣ እሷን ውጭ አቁሜ!

ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ የጠዋት ብርድ በነጠላ ጫማ ቆመች። በአራተኛው ቀን በመጠለያው ጎረቤቷ የሆኑ አንዲት እናት አስከትላ መጣች።

«ከእንግዲህ እናቷ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ስትል ማራት ልጄ» አሉኝ ሴትዮዋ።

«ወላጅ አይደሉም፣ ደንቡ አይፈቅድም» ብዬ መለስኳቸው። የቱ ደንብ? የት የተጻፈ? ባልደረቦቼ አጠገቤ ቆመው ሰምተዋል፤ አንዳቸውም «ኧረ ተው» አላሉኝም። እነሱም ያናድዱኛል፤ ግን የእነሱን እነሱ ይናዘዙት። ሰዓዳ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እኔ።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል ገበያ ውስጥ አየኋት። ያላየሁ መስዬ ላልፍ ስል ሮጣ ደረሰችብኝና ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ፋብሪካ ተቀጥራ ክር እንደምትጠቀልል ነገረችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«ቲቸር፣ ጾሙ ሳይገባ አፉ ይበሉኝ። ያኔ በልጅነቴ ተማሪ ፊት አዋርጄዎታለሁ» አለች።

እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር። ልክ ነበርሽ፣ በዚያው ቀን አውቄዋለሁ፣ የበደልኩሽ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩና፣ በዚያ በክፍል ውስጥ ድምፄ፣ «ግድ የለም ልጄ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።

ፊቷ በራ። አመስግናኝ ሄደች።

እናንተ ይቅር በሉኝ አልልም። እንዳትሉኝ!