ለማስረከብ የገዛሁት ጠመንጃ

በደርግ ጊዜ ጎባ ውስጥ ነጋዴ ሁሉ ጠመንጃ ደብቋል ይባል ነበር፤ አስረክብ ተብሎ የለኝም ያለ ይታሰራል። እኔም ነጋዴ ነኝና የማስረክበው ጠመንጃ ፍለጋ ጊኒር ወርጄ ርካሹን መረጥኩ፦ ባሩዱም ጥይቱም በአፉ የሚጎረስ፣ ከአያቶቻችን የተረፈ። እንደዛገ ባስረክበው ያላግጣል ይሉኛል ብዬ ቀጥቃጭ ዘንድ ወሰድኩት። ሰደፉን በወይራ ቀየረልኝ፣ ብረቱን በአሸዋና በዘይት ወለወለው፣ የቆዳ ማንገቻም ጨመረበት።

የቀበሌው ሊቀመንበር አገላብጦ አየው።

"ጋሼ፣ አሮጌውን እንዲህ ካሳመሩት አዲሱን የት አስቀመጡት?"

"ያለኝ ይኸው ነው።"

"እንግዲያው እስኪያስታውሱ እኛ ጋ ይቆዩ" ብሎ አሳሰረኝ።

ሚስቴ ስንቅ ስታመጣልኝ ሌላ ጠመንጃ እንድትገዛ ላክኋት፤ "የምትገዢውን ዝገቱን እንዳታስነኪ" አልኳት። ከጊኒር ባዶ እጇን ተመለሰች። የነበረውን ሁሉ እንደ እኔ ያሉ ነጋዴዎች ገዝተው አስረክበውታል።